ሕገወጥ ዝናብ

ትርንጎ ደሳለ በጠጠሮ ቀበሌ የእርጥበት ተቆጣጣሪ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከቤት ቤት እየዞረች፣ የእጅ ባትሪ የሚያህል ጥቁር መለኪያ በየደጃፉ ትይዛለች። አረንጓዴ ከበራ አመስግና ታልፋለች። ቀይ ከበራ ገብታ ምክንያቱን ትፈልጋለች። ብዙውን ጊዜ ክዳኑ በደንብ ያልገጠመ ድስት ይሆናል። አንዳንዴ የሕፃን ገላ የታጠበበት፣ ሳይደፋ የዋለ ሳፋ ይሆናል። አልፎ አልፎ ደግሞ አንዱ ልቡ ደፍሮ በጓሮው ያሰጣው ልብስ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ወይኑ በሚበስልበት ጊዜ፣ ልብስ ውጭ ማስጣት ክልክል ነው። የታጠበ ልብስ ሁሉ ወደ ማድረቂያ ቤቱ ይወሰዳል፤ ከልብሱ የወጣው ውሃ እዚያው ተይዞ በቧንቧ ይመለሳል።

ሰው ሰላምታ አይነፍጋትም፤ ግን ማንም ቁጭ በይ አይላትም ነበር።

ጠጠሮ ከጉርባ ተራራ በስተምሥራቅ፣ ገደሉ ላይ የተለጠፈች ድንጋያማ አገር ናት። የክረምት ደመና የሚመጣው ከምዕራብ ነው። ተራራው አብዛኛውን ውሃ በማዶ ጎኑ አስቀርቶ ለጠጠሮ የሚያሳልፈው ጥቂት ነበር። ጥቂት ቢሆንም ግን ያሳልፍ ነበር፤ ገብስ ለማብቀል፣ ጓሮ ለማጠጣት፣ ጣራ ለማፍሰስ ይበቃ ነበር።

የቆላው ወይን እርሻዎች በሙቀት ሲነዱ ጠጠሮ ወይን የተባለው አክሲዮን ማኅበር ሽቅብ ወጣና ይህን ቦታ አገኘ። ቀን የዋጠውን ፀሐይ ማታ ቀስ እያለ የሚተፋ ጠጠር አለ። ከቀትር በኋላ ከጉርባ የሚወርድ ቀዝቃዛ ነፋስ አለ። ወይኑ ውሃ ፍለጋ ሥሩን በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ እየሰደደ፣ ፍሬው አነስ፣ ቆዳው ወፈር፣ ጭማቂው ጠቆር ብሎ ወጣ። የተጠማ ወይን ነው። በየአገሩ ያለ ጠጪ ወደደው።

የቀረው ችግር ክረምቱ ነበር። በጋው ለወይን እንኳ የማይቻል ስለሆነ፣ ፍሬው መብሰል ያለበት በክረምቱ ብርድ ነው። ክረምቱ ደግሞ ዝናብ አለው፤ ዝናብ የነካው ፍሬ ያብጣል፣ ይፈነዳል፣ ይሻግታል። አክሲዮኑ የፈለገው የክረምቱን ብርድ ያለ ክረምቱ ዝናብ ነው። ስለዚህ በጉርባ ጫፍ ላይ ደመና የሚያግዱ ምሰሶዎች ተተከሉ፤ ጠጠሮም ደረቅ ቀጠና ተብላ አስተዳደር ተቋቋመላት።

ምሰሶዎቹ ደመናውን አይበትኑትም፤ ያቆሙታል። ደመናው ከጫፉ ላይ እንደ ግድግዳ ቆሞ የያዘውን ሁሉ ማዶ ያራግፋል። የጠጠሮ ሰው ቀኑን ሙሉ ቀና እያለ ያየዋል። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ልጆች መካከል በአገሩ ዝናብ የነካው አልነበረም፤ በዓመት አንዴ በአውቶቡስ ወደ ማዶ እየተወሰዱ ዝናብ ይጎበኛሉ።

የትርንጎ ታናሽ እህት ዝማም ማዶ፣ ወረባ ከሚባለው መንደር ነው ያገባችው። ሲደዋወሉ ወሬያቸው ሁሉ ውሃ ነው።

«እናንተስ እንዴት ናችሁ?» ትላለች ዝማም። «እኔ ትናንት ጫማዬን ባነሳ እንጉዳይ በቅሎበት አገኘሁ። ከላይ ያለው እርሻ ተንሸራቶ የሰው በረት ውስጥ ገብቷል። ፀሐይ ካየን ወር ሊሞላን ነው።»

«እኛ ደግሞ አፍንጫችን እየደማ ነው፤ ከድርቀቱ።»

«ይኸውልሽ እንግዲህ። እናንተን አስጠሙ፣ እኛን አሰጠሙ። አንቺ ደግሞ ለእነሱ ድስት ታሸቻለሽ።»

ትርንጎ ይህን ስትሰማ ወሬ ትለውጥ ነበር። በጠጠሮ ከአክሲዮኑና ከደረቅ ቀጠናው አስተዳደር ውጭ ሥራ የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታስተዳድረው ራሷን ብቻ ሳይሆን አባቷንም ነው።

አባቷ አቶ ደሳለ ከመንደሩ ዳር፣ ከመጨረሻው የወይን እርከን ሥር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አንድ የነሐሴ ጠዋት ትርንጎ ገና አጥራቸው ጋ ሳትደርስ መለኪያው ቀይ በራ።

«አባዬ፣ ምን አፍስሰህ ነው?»

«ፊቴን ታጠብኩ።»

«ፊት መታጠብ እንዲህ አያስጮኸውም።»

«እንግዲያው እግሬንም ታጥቤያለሁ።»

ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረች። የኮክ ዛፉ ሥር ጠቁሮ ርሷል። በመንደሩ ከወይን ሌላ የቀረ አረንጓዴ ነገር እሱ ብቻ ነበር።

«በራሽን የሚሰፈርልህን የመጠጥ ውሃ ነው የምታፈስለት?»

«የመጠጥ ውሃዬ አይደል? ልጠጣው፣ ልትፋው፣ ለዛፍ ልስጠው፤ ምን አገባቸው?»

«ይቀጡሃል። እኔንም ያባርሩኛል።»

«ቢያባርሩሽ ደስ ይለኛል» አሉ አቶ ደሳለ፣ ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ። «እኔ ያሳደግሁት ልጅ ሰው ቤት እየገባ ሳፋ እንዲፈትሽ ነው?» ቀና ብለው ጉርባን አዩ። ደመናው እንደ ወትሮው ቆሟል። «ያውልሽ። በኔ ልጅነት በዚህ ወር ከቤት መውጣት አቅቶን ነበር የምንውለው። የጅራፍ ድምፅና የዝናብ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ሰው ኬላ ላይ ሲያቆሙ አይቻለሁ፤ ደመና ኬላ ላይ ሲያቆሙ ግን ያየሁት በነዚህ ነው።»

ትርንጎ አጠገባቸው ተቀመጠች። ስትነሳ መለኪያውን አጠፋችውና ኪሷ ከተተችው። ስለ ዛፉ ለማንም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ትልልቅ መኪኖች ከእርከኖቹ በላይ ባለው ሰገነት ይቆማሉ፤ አስተናጋጇ ብርጭቆ እያዞረች «የጥማት ጣዕም አለው፤ ታገኙታላችሁ?» ትላለች። ጎብኚዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይፈልጉታል። ከዚያ ወደ ታች መንደሩን ያያሉ። መንደሩ ደስ እንዲላቸው ሆኖ የተያዘ ነው። የቆርቆሮ ጣራ ከጠርሙሱ ሥዕል ጋር አይሄድም ተብሎ ቤቶቹ ሁሉ በሣር እንዲከደኑ ደንብ ወጥቷል። አቶ ደሳለ ቆርቆሯቸውን ያነሱት በግድ ነው። ጥቂት ሽማግሌዎች ሣር በዚህ ድርቀት ክብሪት ማለት ነው ብለው አመልክተው ነበር፤ አስተዳደሩ ጉዳዩ እየታየ ነው አላቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ የሰማ የለም።

ወፍ ከፍሬው የሚያባርሩት ሰው አልባ በራሪዎች ናቸው፤ የጠጠሮ ሰው ጭልፊት ይላቸዋል። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቀን፣ ልክ የቀትሩ ነፋስ ሲነሳ፣ ከጭልፊቶቹ አንዱ እየተንገዳገደ መጥቶ የአንድ ቤት ጣራ ላይ ወደቀ። ባትሪው ፈነዳ። ሣሩ ለመያያዝ ጊዜ አልፈጀበትም። ነፋሱ ፍሙን ከጣራ ወደ ጣራ ያሻግረው ጀመር።

ትርንጎ ከላይኛው ሠፈር ጩኸት ሰምታ ሮጣ ስትደርስ ግማሹ መንደር እየነደደ ነበር። ሰዎች የራሽን ውሃቸውን ከየማሸጊያው እየቀደዱ ይረጫሉ። ሲያልቅ አፈር ይበትኑ ጀመር፤ አፈሩ ግን ጠጠር ነው። የአክሲዮኑ የእሳት መኪና ወጥቷል፤ ሆኖም መጀመሪያ የወይን በርሜሎቹን መጋዘን እንዲጠብቅ ታዝዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ መንደሩን ያያል።

አቶ ደሳለ ፊታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው መራመድ የማይችሉትን እማማ ጥጊቱን አዝለው ከጭሱ ወጡ። አሮጊቷን ሜዳው ላይ አስቀምጠው ልጃቸውን ክንዷን ያዟት።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ወደ ላይ ሂጂ!»

«አባዬ፣ አንተን ትቼ…»

«ምሰሶዎቹ ጋ አንቺን ያውቁሻል፤ በሩን ይከፍቱልሻል። ደመናውን ልቀቁት በያቸው። እኔ ከጎረምሶቹ ጋር ሰዉን አወጣለሁ። ሂጂ!»

ቀና ብላ አየች። ደመናው ጉርባ ጫፍ ላይ፣ ጥቁርና ከባድ ሆኖ፣ በዓይን የሚነካ ያህል ቀርቦ ቆሟል። ቤት እየነደደ ያለው በነሐሴ ነው። የተቆጣጣሪዎችን ሞተር ብስክሌት አስነስታ ሽቅብ ነዳች።

የምሰሶዎቹ ጣቢያ ኃላፊ ሱራፌል የሚባል ወጣት መሐንዲስ ነበር። የከተማ ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፤ በየሳምንቱ መለኪያዋን የሚያስተካክልላት እሱ ነው። በሩን ከማንኳኳቷ በፊት ከፈተው።

«አይቻለሁ» አላት። «ደውያለሁ። መስመር ላይ ናቸው።»

በክፍሉ ግድግዳ ላይ የአክሲዮኑ ቦርድ አባላት ፊት ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ከየቢሮው፣ አንዱ ከመኪና ውስጥ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አድርጋለች።

«ስንት ቤት ነው የተያያዘው?» አለች።

«ሰው ነው ያለበት» አለች ትርንጎ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ይቺ ማን ናት?»

«የቀበሌው ተቆጣጣሪ ናት» አለ ሱራፌል።

«እሺ እህቴ፣ ሰው እንዳለበት ገብቶናል። የጠየቅሁት ስንት ቤት ነው?»

«ግማሹ መንደር ነው! ስትጠይቁ እኮ እየጨመረ ነው። ደመናውን ልቀቁት በቃ፣ እዚሁ ነው ያለው፣ ቆሟል!»

ከአባላቱ አንዱ፣ ሽማግሌው፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ለቀማው ደርሷል። አሁን ውሃ ከነካው የዓመቱ ምርት አለቀ ማለት ነው። ይህን ሁላችንም እንረዳው።»

«ቤቶቹን መልሰን እንሠራላቸዋለን» አለ መኪና ውስጥ ያለው። «ከበፊቱ አሳምረን። ሰዉን ብቻ ከዚያ አርቁ።»

«መራመድ የማይችል ሰው አለ» አለች ትርንጎ። «ጭሱ መንገዱን ዘግቶታል። ውሃችን አልቋል፤ ውሃ የምትሰፍሩልን እናንተ አይደላችሁም እንዴ?»

ሰብሳቢዋ ሱራፌልን ጠራችው። «ነፋሱ ወዴት ነው የሚነፍሰው?»

«ወደ ታች፣ ወደ መንደሩ።»

«ወደ እርከኖቹ ሊዞር ይችላል?»

«ሊዞር ይችላል።»

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። እሳቱ ወደ ወይኑ ከዞረ ሳትጠይቀን ወዲያው ልቀቀው። እስከዚያ ድረስ ጠብቅ።»

የምሰሶዎቹ ጉርምርምታ ብቻ ይሰማል፤ የጠጠሮ ሰው ለዓመታት ሰምቶት የረሳው ድምፅ። ትርንጎ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አየች። ክፉ ፊት አልነበራቸውም። አንዷ ሻይ እያማሰለች ነው።

«ሱራፌል» አለች፣ ዓይኗን ከእነሱ ሳትነቅል። «የቱ ነው?»

ሱራፌል ወደ ግድግዳው ተመለከተ።

«የቱ ነው አልኩህ?»

ሱራፌል እጁን አላነሳም፣ አፉንም አልከፈተም። ዓይኑን ብቻ ወደ በሩ አጠገብ፣ ወደ ግራጫው ሳጥን አዞረ። ትርንጎ ሄዳ ሳጥኑን ከፈተችና ውስጡ ያለውን እጀታ በሁለት እጇ ጎትታ ወደ ታች አወረደችው።

«ምን እያደረገች ነው?» አለ አንድ ድምፅ። «ያዛት እንጂ!»

ጉርምርምታው ቆመ። ትርንጎ ወጣች። ደመናው መጀመሪያ የተነቃነቀም አልመሰለም። ከዚያ ከጫፉ ላይ እንደ ወተት ፈልቶ ገነፈለ፤ ጉሙ ምሰሶዎቹን ዋጠ፣ እሷንም ዋጠ። የመጀመሪያው ጠብታ እጇ ላይ ሲያርፍ ደነገጠች፤ ከልጅነቷ ወዲህ የጠጠሮ ዝናብ አልነካትም ነበር። ወዲያው ወረደ። በአንዴ የወረደ፣ ለዓመታት ታግዶ የኖረ የሚመስል ዝናብ ነበር።

ስትወርድ መንገዱ ጭቃ ሆኖ ሞተሯ ሁለቴ ጣላት። ሁለተኛው ላይ ትታው ሮጠች። መንደሩ ስትደርስ እሳቱ እየጠፋ፣ ጭሱ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ነበር። ልጆች አፋቸውን ከፍተው ወደ ሰማይ ያያሉ፤ እናቶቻቸው ያለቅሳሉ። እማማ ጥጊቱ ሜዳው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«አባቴስ?»

አንድ ጎረምሳ ጎረቤት፣ ፊቱ በጥላሸት ጠቁሮ፣ ወደ አንድ የተደረመሰ ቤት አመለከታት። አቶ ደሳለ ሌላ ታማሚ ለማውጣት ተመልሰው ገብተው ነበር። ታማሚዋን በመስኮት ወደ ውጭ አቀበሉ። ራሳቸው ሳይወጡ ጣራው ተጫናቸው።

«አሁን እኮ ነው» አለ ጎረምሳው። «አሁን ነው የወደቀው። ዝናቡ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ…»

ትርንጎ ዝናቡ ውስጥ ቆማ አባቷን ሲያወጧቸው አየች። ሻይ ስታማስል የነበረችው ሴት ከፊቷ አልጠፋ አለቻት። ለመጨረስ ስንት ጊዜ አማስላ ይሆን እያለች አሰበች።

ክሱ የቀረበባት ከአርባው በኋላ ነው። ዐቃቤ ሕጉ የክሱን ርዕስ ቆሞ አነበበው፦ በደረቅ ቀጠና ውስጥ ያለ ፈቃድ ዝናብ ማዝነብ። በንግግሩ መሃል ባጭሩ «ሕገወጡ ዝናብ» እያለ ይጠራው ነበር። የጠጠሮ ሰዎች ችሎቱን ሞልተው ተቀምጠዋል፤ ብዙዎቹ ከማዶ ከዘመድ ቤት ነው የመጡት፣ ጫማቸው ጭቃ ይዟል።

ሱራፌል ለምስክርነት ተጠራ። ከሥራው ተባሯል። እጀታውን ያሳያት እሱ እንደሆነ ሲጠየቅ «አዎ» አለ። ከዚያ ሳይጠየቅ ቀጠለ።

«እሳቱ ወደ ወይኑ ከዞረ ልቀቀው፣ እስከዚያ ግን ጠብቅ ተብያለሁ። በዚህ ቃል ነው የታዘዝኩት።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ኡኡ!» አለች። ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ።

«ፍርድ ቤቱ የቀረበለት ጉዳይ ይህ አይደለም» አሉ። «የቀረበለት ምሰሶዎቹን ማን አጠፋ የሚለው ነው። ተከሳሽ፣ ዝናቡን ማዝነብዎን ያምናሉ?»

«አላምንም» አለች ትርንጎ።

«እጀታውን ጎትተዋል እኮ።»

«እጀታውን ጎትቻለሁ። ዝናብ ግን አላዘነብኩም፣ ክቡር ዳኛ። ዝናቡ በራሱ እየመጣ ነበር። መንገድ ላይ የያዙት እነሱ ናቸው፤ እኔ አስለቀቅኩት። የያዘ ሰው ካልተጠየቀ ያስለቀቀ ሰው በምን ይጠየቃል? አባቴ ጣራ ሥር ሆኖ ሲታፈን ውሃው ከራሱ በላይ ቆሞ ነበር። ሁላችንም እያየነው።»

ዳኛው ለጥቂት ጊዜ ወረቀታቸውን አገላበጡ። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በደረሰባት ሐዘን ከልብ እንደሚያዝን ገልጸው፣ ሐዘኗን ቅጣት ማቅለያ አድርገው እስከሚቀጥለው ክረምት እንድትታሰር፣ ከዚያም ወደ ደረቅ ቀጠናው እንዳትገባ ወሰኑ። ሰው ሲነሳ አንዳንዱ ወንበር እየገለበጠ ነበር የወጣው።

በእስር ቤት ሳለች አንድ ሰው ሊጠይቃት መጣ። የአክሲዮኑ የሕዝብ ግንኙነት ነኝ አለ፤ ወንበሩን በመሐረብ ጠርጎ ተቀመጠ። ዝናቡ የታችኛውን እርከን ፍሬ ቢያበላሽም የላይኛው መትረፉን ነገራት። ጭሱ ግን የፍሬው ቆዳ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ሊደፉት ነበር። ቀማሾቹ ሲቀምሱት ግን…

«ምን?» አለች ትርንጎ።

«ወደዱት። እንዲህ ያለ ጣዕም ቀምሰን አናውቅም አሉ። ‹የነሐሴ እሳት› ብለን ነው የምናወጣው። ሰዎች ታሪኩን ማወቅ ይፈልጋሉ። አባትዎ ጀግና ናቸው። ስማቸውን ከጠርሙሱ ጀርባ ላይ ብናሰፍር፣ እርስዎ ከፈቀዱ…»

ትርንጎ በመጀመሪያ የሰማችው አልመሰላትም። «አባቴ የታፈነበትን ጭስ ነው የምትጠጡት?»

«እንደዚያ ባይሉት።»

«እንዴት ልበለው?»

ሰውዬው መሐረቡን አጣጠፈ። ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ ቀርቷል፤ ማውረዱን የረሳው ይመስላል።

«ሂድና ንገራቸው» አለችው። «ስሙን ከአፋቸው እንዳልሰማ። ቤቶቹንስ? አሳምረን እንሠራለን ብለው ነበር።»

ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገ። የደረቅ ቀጠናው አስተዳደር ፍርስራሹ ለመልክዓ ምድሩ ይስማማል ብሎ እንዳለ እንዲቆይ መወሰኑን፣ ጎብኚዎችም መውደዳቸውን ነገራት። ትርንጎ ተነስታ ጠባቂዋን በሩን ክፈቺልኝ አለቻት። ከእስር ቤቱ እንግዳ መቀበያ ወደ ክፍሏ ለመመለስ የቸኮለች እስረኛ ጠባቂዋ አይታ አታውቅም ነበር።

በሐምሌ ተፈታች። ወደ ማዶ፣ ወደ ዝማም ቤት ሄደች። ዝማም ዣንጥላ ይዛ ከአስፋልቱ ዳር ጠበቀቻት፤ ተቃቅፈው ሳይለቃቀሱ ዣንጥላውን ነፋስ ነጠቃቸው። ወረባ እህቷ በስልክ ከነገረቻት የባሰ ነበር። ግድግዳዎች በእንጨት ተደግፈዋል። የሰው ልብስ ሁሉ ሻጋታ ይሸታል። የጠጠሮ ተፈናቃዮች በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተኝተዋል፤ አምና የደረቀ ቆዳቸው ዘንድሮ በእርጥበት ቆስሏል። በዚያው ሳምንት ከመንደሩ በላይ ያለው ዳገት ተሰንጥቆ ታየ። የወረባ ሽማግሌዎች ለአስተዳደሩ አመለከቱ። ጉዳዩ እየታየ ነው ተባሉ።

«ይህን መልስ አውቀዋለሁ» አለች ትርንጎ።

በዚያ ሳምንት ሁለቱ እህትማማቾች አዳራሹ ውስጥ ሰው ሰበሰቡ። ዝማም ነበረች የተናገረችው፤ ድምፅ ያላት እሷ ናት። ሰው ከግርጌያቸው ሲቆም ምሰሶዎቹ ለደኅንነት ሲባል በራሳቸው እንደሚጠፉ የጥገና ሠራተኞቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ሠራተኞቹ ደግሞ የወረባ ልጆች ናቸው። መስበር አያስፈልግም፣ መንካትም አያስፈልግም። ሄዶ መቀመጥ ብቻ ነው።

«እስር ቤት ያስገቡናል» አለ አንዱ።

«ያስገቡን» አሉ እማማ ጥጊቱ፣ ከተኙበት ፍራሽ ቀና ብለው። «እኔ ተሸክሞ የሚወስደኝ ካለ እወጣለሁ። ደሳለ ተሸክሞ ያወጣኝ ቤት ቁጭ ብዬ እንድሻግት አይደለም።»

በነሐሴ፣ ፍሬው መጥቆር ሲጀምር፣ ጠዋት ወጡ። የወረባም የጠጠሮም ሰው ነበር፤ ዳገቱን ሲወጡ ከኋላ ያሉት የፊተኞቹን አያዩም ነበር፣ ጉሙ ውስጥ ጠፍተዋል። እማማ ጥጊቱን ጎረምሶች በቃሬዛ እየተቀባበሉ አወጧቸው። የደረቅ ቀጠናው ድንበር በምሰሶዎቹ መሃል ያልፋል። ትርንጎ ድንበሩን የሚያሳየውን ነጭ መስመር አይታ ተሻገረችውና የመጨረሻው ምሰሶ ሥር ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተቀመጡ። ጉርምርምታው ከዳር ጀምሮ እየቆመ መጣ።

ከጣቢያው የድምፅ ማጉያ ጮኸ። አዲሱ ኃላፊ ነው። «እባካችሁ ውረዱ! በአስቸኳይ ውረዱ! ምሰሶዎቹ እየጠፉ ነው፣ ዝናብ ይመታችኋል!»

መጀመሪያ ዝማም ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ ተዛመተ። ማጉያው ማስጠንቀቂያውን እየደጋገመ ሳለ ደመናው ከራሳቸው በላይ አልፎ ወደ ምሥራቅ ገነፈለ።

ትርንጎ ተነስታ ወደ ታች አየች። ዝናቡ በእርከኖቹ፣ በሰገነቱ፣ በተቃጠለው መንደር ድንጋዮች ላይ ወረደ። ከሰገነቱ ጥቂት ጎብኚዎች ብርጭቆ እንደያዙ ወደ መኪናዎቻቸው ይሮጣሉ። ከማዶ በኩል ደግሞ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክረምት፣ ደመናው ሳስቶ በወረባ ጣራዎች ላይ ፀሐይ ወጣ። የወረባ ሴቶች እያዩት እልል አሉ። ከታች በኩል የፖሊስ መኪኖች መብራት ጠመዝማዛውን መንገድ እየወጣ ነው፤ ጭቃው ግን እየያዛቸው ነበር።

ዝማም መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት። ሁለቱም እስከ አጥንታቸው ርሰዋል።

«አሁን በረደልሽ?»

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። «አልበረደልኝም» አለች። «እንዲበርድልኝም አልፈልግም። ያን ቀን ሲጠይቁኝ ስንት ቤት አሉ እንጂ ማን አለበት አላሉም። ስሙን አንዳቸውም አልጠየቁኝም።» ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ካላሰሩኝ ነገም እመጣለሁ። ካሰሩኝም ስፈታ እመጣለሁ።»

ተመልሳም ከምሰሶው ሥር፣ ጭቃው ላይ ተቀመጠች።